እሳቱ አለ

ፍሪጅ በአናቱ ቆሞ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። 1979 ዓ.ም. ነው። ከነገሌ ቦረና ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ግቢ፣ ግራር ሥር፣ ነጭ የላምባ ፍሪጅ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ቆሟል። ተሸክመን ያወጣነው፣ ላምባውን የቀዳነው፣ የገለበጥነው እኔና አለቃዬ ነን። ልጆቻቸውን ለማስከተብ ከሩቅ የመጡ እናቶች ከበው ያዩናል። አለቃዬ እጁን በሱሪው ጠራረገና «በቃ፣ እንዲህ ሆኖ ይደር» አለኝ።

ከሴቶቹ አንዷ በኦሮምኛ «በሽተኛ ዘቅዝቆ የሚያድን ሐኪም ዛሬ ገና አየሁ» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔ ነገሌ ተወልጄ ያደግሁ የወታደር ልጅ ነኝ፤ ቋንቋውን ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ስራገጥ ነው የለመድኩት። ስለዚህ ሳይተረጎምልኝ ገባኝ፤ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወሬ ነው። የተማርኩት ቴክኒክ ትምህርት ስለ ሞተር፣ ስለ ሽቦ፣ ስለ ቴስተር እንጂ ፍሪጅ ዘቅዝቆ ስለ ማሳደር አንድም ቃል አልነበረውም።

በማግስቱ አቆምነው፣ ጥቂት ሰዓት አሳረፍነው፣ ምድጃውን ለኮስነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክዳኑን ሳነሳ ቀዝቃዛ አየር ፊቴን መታኝ። አለቃዬ ቀና ብሎም አላየኝ። «ሆዱ ነፍቶት ነበር፤ ተነፈሰለት» አለና ሻዩን መጠጣቱን ቀጠለ።

ጋሼ ነበር የምለው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ስሙ ሲጻፍ ደስ የሚለው ሰው አልነበረም።

ነገሩን ላላየ ሰው ላስረዳ። ኢትዮጵያ የሕፃናት ክትባት ፕሮግራሟን የጀመረችው በ1972 ዓ.ም. ነው። በሽታዎቹ ስድስት ነበሩ፤ ሳንባ ነቀርሳ፣ ፖሊዮ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍና ኩፍኝ። መድኃኒቱ ከውጭ አገር ተነስቶ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሐዋሳ፣ ከዚያ ክብረ መንግሥትንና ዋደራን አልፎ ነገሌ፣ ከነገሌ ደግሞ ወደየቆላው ይወርዳል። በዚህ ሁሉ መንገድ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። ከዚያ ከወጣ ብልቃጡ ያው ብልቃጥ ነው፤ ውስጡ ግን ውሃ ነው። ነርሷ ትወጋለች፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ኩፍኝ ሲመጣ ልጁን ያገኘዋል።

መብራት በሌለበት አገር ይህን ቅዝቃዜ የሚጠብቀው እሳት ነበር። ይህ ነገር ለእኔ ለብዙ ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖብኝ ኖሯል። ጋሼ አንድ ቀን «አረቄ ሲወጣ አይተሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። የጎረቤታችን ሴትዮ የምትተዳደረው በእሱ ነበርና ማን አየ ከእኔ ወዲያ! «በል ተመልከት» አለኝ ወደ ፍሪጁ ጀርባ እየጠቆመ። «ከሥር እሳት አለ። ማሰሮው ይኸውልህ፤ ውስጡ ውሃና አሞኒያ ነው። አሞኒያው እንደ አረቄው ቶሎ ይተናል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ በዚህ ቱቦ ሲወርድ ይቀዘቅዝና ፈሳሽ ይሆናል። እዚህ ጋ ሃይድሮጅን ይጠብቀዋል፤ ከእሱ ጋር ሲቀላቀል እንደገና ይተናል። ሊተን ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። ከየት ያምጣ? ከሳጥኑ ውስጥ ይመዛል። ከዚያ ውሃው መጥጦ ወደ ማሰሮው ይመልሰዋል። አረቄዋን ሴትዮዋ ትሸጠዋለች፤ ይሄ አይሸጥም፣ ዞሮ ዞሮ ቤቱ ነው።»

በኋላ እንዳነበብኩት የዚህ ፍሪጅ ፈልሳፊዎች ባልታዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የሚባሉ ሁለት ስዊድናውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1922 ነገሩን ሲሠሩት ስቶክሆልም ውስጥ ገና ተማሪዎች ነበሩ። ኤሌክትሮሉክስ ፈጠራቸውን ገዛና በዓለም ሁሉ አዳረሰው። ሞተር የለው፣ የሚሽከረከር ነገር የለው፣ ድምፅ የለው። የበረዶ አገር ልጆች የሠሩት ዕቃ ቦረና በረሃ ውስጥ በላምባ ሲተነፍስ ማየት ዛሬም ይገርመኛል።

ዘቅዝቆ ማሳደሩም ከዚህ የመጣ ነው። ፍሪጁ ዘመም ብሎ ለረጅም ጊዜ ከሠራ ፈሳሹና ጋዙ ያለ ቦታቸው ይቀመጡና መንገዱ ይዘጋል። ሲገለበጥ ይናወጣል፣ ይቀላቀላል፣ መንገዱ ይከፈታል። ሁልጊዜ አይሳካም። ሲሳካ ግን ከመለዋወጫ ሁሉ ይረክሳል።

ጋሼ ወደ የትኛውም ክሊኒክ ሲገባ ካቻቢቴ አያወጣም። ሦስት ጥያቄ ነበረው፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል ወይ? ነበልባሉ ሰማያዊ ነው ወይ? ጭስ መውጫው ይተነፍሳል ወይ? ለመጀመሪያው ውሃ ልክ እንኳን አያስፈልገውም። በሻይ ማስቀመጫ ሳህን ውሃ እስከ አፍ ገደፉ ይሞላና ፍሪጁ ላይ ያስቀምጠዋል። ውሃው በአንድ በኩል ከፈሰሰ በዚያ በኩል የታጠፈ ካርቶን ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ከእግሩ ሥር ይገባል። ለሁለተኛው ወለሉ ላይ በደረቱ ይተኛል። ነበልባሉ ሰማያዊ ከሆነ ጥሩ ነው። ቢጫ ከሆነ ወይ ክሩ አልተስተካከለም፣ ወይ ላምባው ውሃ ገብቶበታል። ቢጫ ነበልባል ጥላሸት ይሠራል፤ ጥላሸቱ ጭስ መውጫውን ይደፍናል፤ ጭስ መውጫው ሲደፈን ሙቀቱ ማሰሮውን አያገኘውም፤ ፍሪጁ ይሞታል። ያን ጊዜ ደብዳቤ ይጻፋል፦ «ማቀዝቀዣው ስለተበላሸ ቴክኒሻን በአስቸኳይ እንዲላክልን»። ደብዳቤው ነገሌ እስኪደርስ አንድ ወር፣ እኛ እስክንደርስ ሌላ ወር። ስንደርስ የምንሠራው ሥራ በቡሩሽ ጥላሸት መጥረግና ክር በመቀስ ማስተካከል ነው። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

ለዚህ ነው ዛሬ ሰው «ስንት ፍሪጅ ጠግነሃል?» ሲለኝ ቁጥር የሚያጥረኝ። ከጠገንኳቸው አብዛኞቹ አልተበላሹም ነበር። የሚያያቸው አጥተው ነበር።

የሚያያቸው ያገኙ ደግሞ ነበሩ። አንዲት ክሊኒክ ውስጥ ፊደል ያልቆጠሩ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ። እኛ እዚያ የምንሄደው ላምባ ለማድረስ ብቻ ነው፤ ፍሪጁ ተበላሸ ተብሎ ደብዳቤ መጥቶልን አያውቅም። አንድ ሌሊት እዚያ አደርን። ገና ጎህ ሳይቀድ ኮቴ ሰማሁና ብድግ አልኩ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ፍሪጁ አጠገብ ቁጢጥ ብለዋል። ከኪሳቸው የተሰበረች የመላጫ መስታወት አወጡ። መስታወቷን ከሥር አስገብተው አዘነበሏትና አዩ። ከፍሪጁ ጋር የመጣው መስታወት ከጠፋ ቆይቷል፤ እሳቸው በራሳቸው ተክተውታል። በመስታወቷ ውስጥ ጥፍር የምታክል ሰማያዊ ነበልባል ስትንቀጠቀጥ እኔም አየኋት። ቀና ብለው እንደ ነቃሁ ሲያዩ ሳልጠይቃቸው «ኢቢዲ ጂራ» አሉኝ። እሳቱ አለ ማለታቸው ነው። ሌላ ምንም አላሉም፤ ወጥተው ፊታቸውን ታጠቡ።

ጠዋት ጋሼን «ማን አስተማራቸው?» አልኩት። «ማን ያስተምራቸዋል? ቤታቸው የሚያድረውን እሳት እንደሚያዩት ነው የሚያዩት» አለኝ።

እውነቱን ነው። በቦረናና በጉጂ ቤት እሳትና ወተት አብረው ነው የሚኖሩት። ያቺ በገለበጥነው ፍሪጅ የቀለደች ሴት በሦስተኛው ቀን ልጇን ይዛ ስትመለስ «እሳት ነው የሚያቀዘቅዘው» ብዬ አስረዳኋት፤ ትደነቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ምንም አልመሰላትም። «እኛስ ወተቱን የምናቆየው በምን መሰለህ?» አለችኝ። የወተት ዕቃው ታጥቦ በወይራ ፍም ይታጠናል፤ ጢሱ ውስጡን ይይዘዋል፤ እንዲህ በታጠነው ዕቃ፣ በጎርፋው፣ ውስጥ የረጋ ኢቲቱ የሚሉት እርጎ ፍሪጅ ሳያውቅ ይሰነብታል። አንድ ቀን ሳይታጠን ከዋለ ወተቱ ይናገራል። እሷ በልጅነቷ የተማረችውን ሙያ እኔ በዲፕሎማ ላስተምራት ነበር።

ሌላው የማልረሳው የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ነው። በየፍሪጁ ክዳን ላይ ይለጠፋል፤ ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩ ይነበብና ይጻፋል። ጋሼ ወረቀት ሲያነብ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ነው። አንድ ቦታ ወሩን ሙሉ 4፣ 4፣ 4፣ 4 ተብሎ ተጽፎ አገኘን። ጠዋትም 4፣ ማታም 4፣ ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ ሁሉም በአንድ እጅ። እኔ «ይሄማ በጣም ጥሩ ነው» አልኩ። ጋሼ ክዳኑን አነሳ። ቴርሞሜትሩ 19 ይላል። «ጤነኛ ፍሪጅ ወረቀቱ ላይ ይዋዥቃል» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ጤና ረዳቱ እንዳይሰማ። «ቀን 6፣ ሌሊት 3፣ ሲከፈት 7። ውሸት ብቻ ነው ቀጥ ብሎ የሚሄደው።» ጤና ረዳቱን አልተቆጣውም። ላምባው ካለቀ ሦስት ሳምንት እንደሆነው፣ ሌሊት ሲያዋልድ የሚበራውም ያው ላምባ እንደነበር በኋላ ሰማን። ፍሪጁ በቀን አንድ ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ ኩራዙም ይፈልጋል። ምጥ የያዛት ሴት ፊት ተቀምጦ ፍሪጁን የሚመርጥ ሰው አላውቅም። ወረቀቱ ላይ ግን «ላምባ አልቋል» ብሎ የመጻፍ ድፍረት ያስፈልግ ነበር፤ ያን ጊዜ ያ ድፍረት ከላምባውም ይወደድ ነበር።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ጋሼ ታመመና ብቻዬን ተላክሁ። መጀመሪያ ዶሎ ኦዶ ወረድኩ። ገናሌና ዳዋ ወንዞች ወደሚገናኙበትና ጁባን ወደሚወልዱበት ማዕዘን መሆኑ ነው፤ ከባሕር ወለል 200 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለ አገር። ቀን ላይ ብረት በእጅ አይነካም። እዚያ ያለው ፍሪጅ 11 ዲግሪ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ጠረግሁት፣ አስተካከልኩት፣ ክሩን ከፍ አድርጌ ነበልባሉን አበረታሁት። በሁለተኛው ቀን 5 ገባ። እንደ ጀግና ተሰማኝ። ከዚያ ነገሌን አልፌ ሽቅብ በደጋው መስመር ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ወጣሁ። እዚያም ፍሪጁ ደክሞ አገኘሁት። የደረስኩት በቀትር ነበር፤ ልኩን ሳልጠይቅ፣ ሌሊቱን ሳላይ፣ የዶሎን ነበልባል እንዳለ አስቀመጥኩበት። ቴርሞሜትሩ ሲወርድ አየሁና በማግስቱ ማለዳ መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

ላምባ ፍሪጅ እንደ መብራቱ ፍሪጅ ራሱን የሚያጠፋ ቴርሞስታት የለውም። የሰጡትን እሳት ያህል ይበርዳል። ደጅ ሲሞቅ እሳቱ ይጨመራል፣ ደጅ ሲበርድ ይቀነሳል፤ ቀናሹም ጨማሪውም ሰው ነው። የደጋው ሌሊት በዚያ ነበልባል ላይ ሲታከልበት ሳጥኑ ከዜሮ በታች ወረደ።

ከአሥር ቀን በኋላ ስመለስ ሲስተሯ በር ላይ ጠበቀችኝ። በዕድሜ እናቴን የምታክል፣ በሥራዋ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። «ና ቁጭ በል፣ የማሳይህ ነገር አለ» አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብልቃጥ የትክትክ፣ የዘጊ አናዳና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አስቀመጠች። አንዱ ከአዲሱ ጭነት የመጣ ነው፤ ሌላው ከእኔ ፍሪጅ። ሁለቱን በአንድ እጇ ይዛ አጥብቃ ነቀነቀቻቸውና ጎን ለጎን አቆመቻቸው። «ዝም ብለህ እይ።» ዝም ብለን አየን። ከደጅ የልጆች ልቅሶ ይሰማል። ጥቂት ደቂቃ ሲያልፍ የአንደኛው ብልቃጥ ፈሳሽ እንደ ነጭ ደመና እንዳለ ቆየ። የሌላው ቁርስርሱ ተለየ፤ እንደ ተበጠሰ እርጎ ወደ ታች መዝቀጥ ጀመረ፤ ከላዩ ጥርት ያለ ውሃ ቀረ። የእኔው ነው።

«በረዶ የነካው እንዲህ ነው የሚሆነው» አለች። «አየህ ልጄ፣ ኩፍኙንና ፖሊዮውን ሙቀት ይገድላቸዋል። ይሄንን ግን የሚገድለው ውርጭ ነው። አንተ ከቆላ መጥተህ ሙቀትን ብቻ ነው የምትፈራው።»

ስንት ልጅ በዚያ ብልቃጥ እንደ ተወጋ መጠየቅ ነበረብኝ። ወዲያው መጠየቅ አልቻልኩም። ማታ ላይ ነው የጠየቅሁት። በሦስተኛው ቀን ጠርጥራ ስላቆመች አሥራ አንድ ብቻ ነበሩ፤ መዝገብ ይዛ፣ ሰው ልካ፣ ሁሉንም እንደገና ጠርታቸዋለች። ያጠፋሁት እኔ፣ ያረመችው እሷ። ነገሌ ተመልሼ ለጋሼ ስነግረው አልሰደበኝም። «ፍሪጁን ጠግነሃል፤ ክትባቱን ረስተሃል» ብቻ አለኝ። ስድብ ቢጨምርበት ይሻለኝ ነበር።

ስለ መበላሸትና ስለ መጠገን ባሰብኩ ቁጥር ወደ አባቴ ታሪክም እመለሳለሁ። አባቴ በነገሌ ጦር ውስጥ ተራ ወታደር ነበር። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. የነገሌ ወታደሮች ያመፁት በምግቡ መበላሸትና በውሃ ጥም ነው። የወታደሩ ጉድጓድ ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር፤ መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዳ አልፈቀዱም። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሮቹ ያዟቸውና እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ከዚያ በኋላ አመፁ ከጦር ወደ ጦር እየተዛመተ ሄደ፤ መስከረም ላይ ዙፋኑ ወደቀ። ታሪክ ጸሐፊዎች የአብዮቱን መነሻ ሲቆጥሩ ነገሌን ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ይጽፏታል። አባቴ ግን ስለ አብዮቱ አያወራም ነበር። የሚያወራው ስለ ፓምፑ ነው። «የመንግሥት ነገር ይቅርና፣ ያን ፓምፕ የሚያይ አንድ ሰው ቢኖር…» ይልና ዓረፍተ ነገሩን አይጨርሰውም። እኔ የጥገና ሙያ ስመርጥ ደስ ያለው ለዚህ ይመስለኛል።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የመንግሥቱን ሥራ ለቅቄ ነገሌ ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ከፈትኩ። ደንበኞቼ የቢራ ቤት ባለቤቶች፣ ልብስ ሰፊዎችና የመምህራን ሚስቶች ሆኑ። ፍሪጆቹ ብዙዎቹ በሞያሌ በኩል የገቡ፣ ኮምፕረሰር ያላቸው ነበሩ። እነዚህ ይናገራሉ፤ ያጉረመርማሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ። የበሽታቸውን ስም ከድምፃቸው መለየት ለመድኩ። በየጥቂት ደቂቃው «ጠቅ» ብሎ ዝም የሚል ከሆነ የመብራቱ ኃይል ወርዷል ወይም ሪሌው ሄዷል። ሳያቋርጥ እየሠራ የማያበርድ ከሆነ ጋዙ አንሷል ወይም ጀርባው በአቧራ ታፍኗል። በሩ ዙሪያ የሚያልበው ጎሚኒው ስለ ላላ ነው፤ ለዚህ አንድ ብር በቂ ነው፤ ብሩን በሩ ላይ አድርገህ ትዘጋና ትስበዋለህ፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎሚኒው አይዝም።

የሰው እጅ የሚያጠፋው ግን ከዕቃው ድካም ይበልጥ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወዲያው ይሰኩታል፤ በውስጡ ያለው ግፊት ሳይረጋጋ ኮምፕረሰሩ ሊነሳ ይታገልና ይቃጠላል። አምስት ደቂቃ መታገስ ነበር መድኃኒቱ። ፍሪጁን ከግድግዳ ጋር ያጣብቁታል፣ ከምድጃ አጠገብ ያቆሙታል፤ አንዲት ባለ ቢራ ቤትማ የኋላውን ሙቅ ብረት የወለል መወልወያ ማድረቂያ አድርጋው አገኘሁ። ከሁሉም የከፋው በረዶ በቢላዋ መፋቅ ነው። ቢላዋው ስስ ቱቦውን ሲወጋው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሴትዮዋ ያንን ድምፅ እንደ ሰማች ነው ልጇን ወደ እኔ የምትልከው፦ «እማዬ ፍሪጁ ተነፈሰ ትላለች!»

ያን ጊዜ የምንሞላው ጋዝ አር-12 ነበር። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ አሮጌውን ለነፋስ ለቅቀን አዲስ እንሞላለን። ያ ጋዝ ሰማይ ደርሶ የፀሐይን ክፉ ጨረር የሚመክተውን የኦዞን ሽፋን እንደሚበላ፣ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1987 ሞንትሪያል ላይ አገሮች ተሰብስበው ስምምነት እንደ ተፈራረሙ የሰማሁት ዓመታት ቆይቼ ነው። በኋላ አር-134ኤ የሚባለው መጣ፤ ዘይቱ ሌላ፣ ግፊቱ ሌላ። እንደገና ተማሪ ሆንኩ። በነገሌ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የምለቀው «ሽሽሽ» የዓለም ጉዳይ መሆኑ አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያሳፍረኛል።

ክትባቱን ግን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም፤ ሲቸግራቸው ይጠሩኛል። የመጣውን ለውጥ ሁሉ ከጎን ሆኜ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 የፖሊዮ ብልቃጥ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ተለጠፈች፤ ክብ ውስጥ ያለ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ናት። ብልቃጡ ሙቀት ባየ ቁጥር አራት ማዕዘኑ ይጠቁራል፤ ከክቡ ጋር ከተመሳሰለ መድኃኒቱ ይጣላል። ያ 4፣ 4፣ 4 የተጻፈበት ወረቀት ትዝ አለኝ። ብልቃጡ ራሱ ምስክር ሆነ፤ ምስክሩም በእስክሪብቶ አይጻፍም። ለከብቱም እንዲሁ ነው። በእንስሳት ሐኪሞች በኩል ደስታ ለሚባለው የከብት በሽታ ሙቀት የማይፈራ ክትባት ወጣና ያለ ፍሪጅ እስከ በረሃው ጥግ ተጓዘ፤ በአፋር በኩል የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ሠልጥነው ከተቡበት። ሰኔ 2003 ዓ.ም. ላይ በሽታው ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ለእኔ ለፍሪጅ ሠራተኛው ትልቅ ትምህርት ነበር፤ አንዳንዴ ምርጡ ጥገና ፍሪጁን አለማስፈለግ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት ግን ፍሪጅ እንዴት እንደሚያስፈልግ ደግሞ አየሁ። ከሶማሊያ በድርቅና በጦርነት የተሰደዱ ሰዎች ዶሎ ኦዶ ጎረፉ፤ በቆቤ መጠለያ ኩፍኝ ገባ። በረሃብ የደከመ ልጅን ኩፍኝ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን መጻፍ አልፈልግም። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው ዕድሜው፤ እስከዚያም ቢሆን ከበረዶው መራቅ የለበትም። እኔ በሃያ ዓመቴ ያየኋት ያቺ ጥፍር የምታክል ነበልባል ምን ያህል ነገር ተሸክማ እንደ ነበር ሙሉ በሙሉ የገባኝ ያኔ ነው።

አሁን ላምባው ቀርቷል። ከባትሪ ጋር የሚሠሩት የፀሐይ ፍሪጆች መጡና ባትሪያቸው በየጥቂት ዓመቱ እየሞተ አስቸገረ። ቀጥለው ባትሪ የሌላቸው መጡ፤ ቀን በፀሐይ ውስጣቸው ባለው ውሃ በረዶ ይሠራሉ፣ ሌሊት በበረዶው ያድራሉ። ኃይሉን ሳይሆን ቅዝቃዜውን ራሱን ነው የሚያከማቹት። ያቺ ሲስተር በሕይወት ብትኖር ደስ ባላት ነበር፤ ክትባቱን ከውርጭ የሚከልል ነገርም ተሠርቶላቸዋል።

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ቴክኒሻን በቆላው መስመር ወዳለ ጤና ጣቢያ ይዞኝ ሄደ። ልጁ ጎበዝ ነው። ሙቀቱን ቀንና ሌሊት የሚመዘግበውን ትንሽ መሣሪያ አሳየኝ፤ ሠላሳ ቀን ወደ ኋላ ይነግርሃል። ቁጥሮቹን አየሁ፤ 4፣ 5፣ 3፣ 6፣ 4። ይዋዥቃሉ። ደስ አለኝ። ቢሆንም የድሮ አመሌ አልለቀቀኝም፤ ከፍሪጁ ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ። ልጁ «ጋሼ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ። ምን ልበለው?

«ጣሪያው ላይ ልውጣ» አልኩት። ከለከለኝ፤ ለዕድሜዬ አስቦ ነው። አልሰማሁትም። መሰላሉን ወጥቼ በጣቴ የፀሐዩን መስታወት ዳሰስኩት። በዚያ ቀይ አቧራ አገር፣ ዝናብ ከጠፋ አራት ወር በሆነው ጊዜ፣ ጣቴ ንጹሕ ሆና ተመለሰች። ጥጉ ላይ የታጠፈ እርጥብ ጨርቅ አለ።

ወርጄ «ይሄን የሚያጸዳው ማን ነው?» ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅሁ። ግቢ የምትጠርግ ልጅ እግር ሴት መጥረጊያዋን እንደ ያዘች ብቅ አለች። ደንግጣለች።

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም» አልኳት።